ስለ ፀሐይ ብርሃንና ሙቀትን ስለሚሸከመው ፈሳሽ ጠባይ

ፀሐይ ለፍጥረት ሁሉ የምትሰጠው ብርሃንና ሙቀት ድሀና ባለጸጋ ሳይለይ የሚዳረስ ሀብት መሆኑን የማያውቅ የለም። አዝመራው የሚያፈራው፥ እህሉ የሚደርቀው፥ የታጠበው ልብስ የሚሰጣው በእርሷ ነው። በዘመናችንም ብርሃኗን ወደ ኤሌክትሪክ ኀይል የሚለውጠው ሰሌዳ፥ በተለምዶ ሶላር የሚባለው፥ በጤና ጣቢያና በትምህርት ቤት፥ በአንዳንድ ገዳማትም ጣራ ላይ ተተክሎ ይታያል። ይሁን እንጂ ይህ ሰሌዳ ከሚወርድበት የፀሐይ ኀይል ውስጥ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው አንድ አምስተኛውን ያህል ብቻ ነው። ጥቂቱ በነጸብራቅ ተመልሶ ይሄዳል፤ የቀረው አብዛኛው እዚያው ወደ ሙቀት ተለውጦ በነፋስ ይበተናል፤ ከመበተኑም በፊት የሰሌዳውን የራሱን ሥራ ያደክማል።

ይህን በከንቱ የሚባክን ሙቀት ሰብስቦ ለሥራ ለማዋል ሊቃውንት ካሰቧቸው መንገዶች አንዱ፥ ኤሌክትሪክንና ሙቀትን በአንድነት የሚሰጥ ጥምር መሣሪያ መሥራት ነው። በዚህ መሣሪያ ውስጥ ሙቀቱን ተሸክሞ የሚዞር አንድ ፈሳሽ አለ። ብዙ ሰዎች ይህን ፈሳሽ እንደ ጭነት ከብት ይቆጥሩታል፤ ሙቀቱን ከዚህ አንሥቶ እዚያ ማድረሱን ብቻ ይመለከታሉ። እኛ ግን ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናስረዳ የምንወደው፥ ፈሳሹ የትኛውን ብርሃን አሳልፎ የትኛውን እንደሚያስቀር ነው። ከዚህ በታች በምንገልጸው በአዲሱ ዓይነት ጥምር መሣሪያ፥ የሥራው መሳካትና መበላሸት የተንጠለጠለው በዚህ ጠባይ ላይ ነውና። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩን ለመረዳት በመጀመሪያ የፀሐይ ብርሃን አንድ ወጥ ነገር አለመሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። እንግሊዛዊው ይስሐቅ ኒውተን በ1666 ነጩን ብርሃን ባለ ሦስት ማዕዘን በሆነ መስተዋት ውስጥ አሳልፎ ከቀይ እስከ ሐምራዊ ባሉት ቀለሞች መከፋፈሉን ተመለከተ። ከዚያ በኋላ በ1800 የከዋክብት ተመራማሪው ዊልያም ኸርሼል በእነዚህ ቀለሞች ላይ ቴርሞሜትር እያኖረ የእያንዳንዱን ሙቀት ሲለካ፥ ከቀዩ ቀለም አልፎ ዓይን ምንም በማያይበት ስፍራ ሙቀቱ ከሁሉ በልጦ አገኘው። ይህ የማይታይ ብርሃን ታሕተ ቀይ ጨረር ይባላል። በሚከተለው ዓመት በ1801 ጀርመናዊው ዮሐን ሪተር በሌላው ዳር፥ ከሐምራዊው ቀለም ባሻገር፥ ልዕለ ሐምራዊ የተባለውን የማይታይ ጨረር አገኘ። ከምድር ከሚደርሰው የፀሐይ ኀይል ግማሽ ያህሉ በዓይን የማይታየው ታሕተ ቀይ ነው። እንግዲህ በዓይን አይተን ብርሃን ነው የምንለው ከጠቅላላው ሀብት ከፊሉ ብቻ ነው።

እነዚህ ጨረሮች የሚለዩት በሞገዳቸው ርዝመት ነው፤ የሚለካውም ናኖ ሜትር በሚባል፥ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ በሆነ መስፈሪያ ነው። ሐምራዊው ወደ 400፥ ቀዩ ወደ 700 ናኖ ሜትር ይሆናል። ከ700 በላይ ያለው ታሕተ ቀይ ነው።

ብርሃን ኤሌክትሪክ ሊያስነሣ እንደሚችል ፈረንሳዊው ኤድሞን ቤከሬል በ1839 አስታወቀ። ብርሃንም በተወሰነ ድርሻ ተከፋፍሎ እንደሚመጣ አልበርት አይንሽታይን በ1905 አስረዳ። ለሥራ የሚበቃው የሲሊኮን ሴል ግን የተገለጠው በ1954 በአሜሪካ በቤል የምርምር ቤት በቻፒን፥ በፉለርና በፒርሰን እጅ ሲሆን፥ ያን ጊዜ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ከሚወርድበት ኀይል 6 በመቶውን ያህል ነበረ። ሲሊኮን የተባለው ይህ ንጥረ ነገር ሁሉንም ብርሃን በእኩል አይወድም። ሞገዱ ከ1100 ናኖ ሜትር የሚረዝም ጨረር ድርሻው ትንሽ ስለ ሆነ ኤሌክትሪክ ማስነሣት አይችልም፤ ከፀሐይ ኀይል አንድ አምስተኛ ያህሉ የዚህ ዓይነት ነው። በሌላው ወገን ሐምራዊውና ሰማያዊው ብርሃን ድርሻው ከሚያስፈልገው በላይ ነው፤ 400 ናኖ ሜትር ከሆነው ብርሃን ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ኀይል ትርፍ ሆኖ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ለሲሊኮን ከሁሉ የሚስማማው ከቀዩ ቀለም አካባቢ ጀምሮ እስከ 1100 ናኖ ሜትር ድረስ ያለው ነው። ሾክሌና ክዊሰር የተባሉት ሊቃውንት በ1961 ይህን ሁሉ ቆጥረው፥ አንድ ዓይነት ሴል ብቻውን ከፀሐይ ኀይል አንድ ሦስተኛ ያህሉን እንጂ ከዚያ ብዙ የሚበልጥ ሊለውጥ እንደማይችል አሰሉ። ስለዚህ የሚባክነው ኀይል በሠሪው ስንፍና ሳይሆን በራሱ በነገሩ ባሕርይ የሚባክን ነው።

የባከነው ኀይል ሙቀት ሆኖ ሲቀር የሚያደርሰውን ጉዳት በቁጥር እናስረዳለን። የሲሊኮን ሰሌዳ ኀይሉ የሚለካው ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲሆን ነው፤ ከዚያ በላይ ለሚጨምረው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከኀይሉ 0.4 በመቶ ያህል ይጎድላል። በጠራራ ቀን የሰሌዳው ሙቀት 65 ዲግሪ ቢደርስ፥ ጭማሪው 40 ዲግሪ ስለ ሆነ ጉድለቱ 16 በመቶ ይሆናል። እንግዲህ 400 ዋት ይሰጣል ተብሎ የተገዛው ሰሌዳ ፀሐይ በበረታችበት ሰዓት እንኳ 336 ዋት ያህል ይሰጣል ማለት ነው።

ይህን ጉዳት ወደ ጥቅም ለመለወጥ የተጀመረው ጥምር መሣሪያ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሲጠና ቆይቷል፤ በ1976 ማርቲን ዎልፍ የተባለው ሊቅ ለመኖሪያ ቤት ኤሌክትሪክንና ሙቀትን በአንድነት ስለሚሰጥ መሣሪያ ስሌቱን ጽፎ አሳትሟል። ዓለም አቀፉ የኀይል ድርጅትም በፀሐይ ሙቀት መርሐ ግብሩ ከ2018 እስከ 2020 ድረስ ይህንኑ የሚመረምር የሊቃውንት ጉባኤ አቋቁሞ ነበር። የተለመደው አሠራር ከሰሌዳው በስተጀርባ ቧንቧ ዘርግቶ ውሃ ማዞር ነው። ውሃው ሰሌዳውን ያቀዘቅዛል፤ ራሱም ይሞቃል። አገራችን «ሁለት ባላ ትከል፥ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የምትለው ምሳሌ ለዚህ መሣሪያ የሚስማማ ነው።

ነገር ግን ሁለቱ ባላዎች በዚህ አሠራር እርስ በርሳቸው ይቃረናሉ። ሙቀት የሚፈሰው ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ነውና፥ ከጀርባ ያለው ውሃ ከሰሌዳው በላይ ሊሞቅ አይችልም። ለምሳሌ ወተት ከተሕዋስያን እንዲጠራ በዝግታው መንገድ 63 ዲግሪ ላይ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት። ለዚህ የሚበቃ ሙቅ ውሃ ከጥምሩ መሣሪያ ለማግኘት ሰሌዳውን ከ63 ዲግሪ በላይ ማሞቅ ግድ ይሆናል፤ ሰሌዳው በዚህ መጠን ሲሞቅ ደግሞ ኤሌክትሪኩ ይጎድላል። ኤሌክትሪኩን ለማዳን ሰሌዳው ሲቀዘቅዝ ውሃው ለብ ብሎ ይቀራል፤ ለብ ያለ ውሃም ለመታጠቢያ እንጂ ለወተት ቤትና ለሆስፒታል ልብስ አጠባ አይበቃም።

ፈሳሹ ከጀርባ ወጥቶ ወደ ፊት እንዲመጣ የተደረገው ይህን ቅራኔ ለመፍታት ነው። አዲሱ አሠራር እንዲህ ነው፤ በሁለት መስተዋቶች መካከል የሚፈስ ስስ የፈሳሽ ንጣፍ ከሰሌዳው በላይ ይዘረጋል። የፀሐይ ብርሃን በመጀመሪያ በፈሳሹ ውስጥ ያልፋል። ፈሳሹ ሲሊኮን የማይጠቀምበትን ጨረር ያስቀርና በእርሱ ይሞቃል፤ ሲሊኮን የሚወደውን ግን ሳይነካ ያሳልፍለታል። በፈሳሹና በሰሌዳው መካከል የአየር ክፍተት ከተተወ የአንዱ ሙቀት ወደ ሌላው በቀላሉ አይተላለፍም። ስለዚህ ፈሳሹ ሲሞቅ ሰሌዳው ቀዝቅዞ ሊኖር ይችላል። ወንፊት ዱቄቱን ከእንክርዳዱ እንደሚለይ፥ ይህም ፈሳሽ ጨረርን ከጨረር ይለያል። ከጀርባ ለሚዞር ውሃ የቀለሙ ጉዳይ አያሳስብም፤ ጥቁርም ቢሆን ሙቀቱን ይሸከማል። ከፊት ሲቆም ግን በስሕተት ያስቀረው እያንዳንዱ ጨረር ከሰሌዳው ድርሻ ላይ የተወሰደ ነው።

ፈሳሽ ብርሃንን የሚያስቀርበት ሥርዓት ከረጅም ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው። ፈረንሳዊው ፒየር ቡጌ በ1729 እንዳስረዳው፥ እኩል ውፍረት ያለው እያንዳንዱ ንጣፍ ከደረሰው ብርሃን እኩል እጅ ያስቀራል። የመጀመሪያው ሳንቲ ሜትር ግማሹን ቢያስቀር ሁለተኛው ሳንቲ ሜትር ከተረፈው ግማሹን ያስቀራል፤ ሩቡ ያልፋል ማለት ነው። ጀርመናዊው አውጉስት ቤር በ1852 ደግሞ በፈሳሽ ውስጥ የሟሟው ነገር ብዛትም እንደ ውፍረቱ እንደሚሠራ ጨመረበት። ስለዚህ ሠሪው የፈሳሹን ዓይነት ብቻ ሳይሆን የንጣፉን ውፍረትና የውሕዱን መጠን በአንድነት መወሰን አለበት።

ብርሃንን በፈሳሽ ማጣራትም ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። ጣሊያናዊው ማቼዶንዮ ሜሎኒ ከ1830ዎቹ ጀምሮ ሙቀትን የሚለካ ረቂቅ መሣሪያ ይዞ ብዙ ነገሮችን ሲመረምር፥ ለዓይን እኩል ጥሩ የሚመስሉት ነገሮች የማይታየውን ሙቀት በማሳለፍ እጅግ እንደሚለያዩ አረጋገጠ። የተራራ ጨው ሙቀቱን ያሳልፋል፤ ውሃ ግን አብዛኛውን ያስቀራል። በቀድሞ ዘመን በፋኖስ ኀይል ሥዕልን በግድግዳ ላይ የሚያሳዩ ሰዎች፥ ሥዕሉ በሙቀት እንዳይበላሽ ከፋኖሱ ፊት ውሃ የተሞላ የመስተዋት ሣጥን ያኖሩ ነበር። ጆን ቲንዳል ደግሞ በ1860ዎቹ የዚህን ተቃራኒ አደረገ፤ አዮዲንን ካርቦን ዳይሰልፋይድ በተባለ ፈሳሽ አሟሙቶ፥ የሚታየውን ብርሃን ፈጽሞ የሚያግድና የማይታየውን ሙቀት የሚያሳልፍ ጥቁር ፈሳሽ ሠራ። በዚያም በጨለማ ውስጥ በሚሰበሰበው ጨረር ነገሮችን አቃጠለ። ከዚህ የምንማረው፥ ፈሳሽ ጥሩ ነው ወይም ጥቁር ነው ብሎ ዓይን የሚፈርደው ፍርድ የማይታመን መሆኑን ነው።

አሁን ወደ ፈሳሾቹ እንመለስ። ውሃ አንድ ሳንቲ ሜትር ውፍረት ሲኖረው ከሚታየው ብርሃን ጀምሮ እስከ 900 ናኖ ሜትር ድረስ ያለውን ሁሉ ጥቂት ብቻ ሲቀር ያሳልፋል። በ970 አካባቢ አንድ ሦስተኛ ያህሉን ያስቀራል፤ ከ1400 በላይ ያለውን ግን ሁሉንም ያስቀራል ለማለት ይቻላል። እንግዲህ ተፈጥሮ ራሷ ለሲሊኮን የሚስማማውን ማጣሪያ ከፊሉን በነፃ ሰጥታናለች። ከፊሉን የምንልበት ምክንያት፥ ኦታኒካር፥ ፌላንና ጎልደን የተባሉት ተመራማሪዎች በ2009 ውሃን፥ ኤቲሊን ግላይኮልን፥ ፕሮፒሊን ግላይኮልንና ቴርሚኖል ቪ ፒ ዋን የተባለውን የሙቀት ዘይት መርምረው፥ ከአራቱ የፀሐይን ኀይል በማስቀረት ውሃ ሲበልጥ፥ እርሱም ያስቀረው 13 በመቶውን ብቻ መሆኑን ስላስታወቁ ነው። የሙቀቱ ዘይት እስከ 400 ዲግሪ ድረስ የሚሠራ በመሆኑ በታላላቅ የፀሐይ ኀይል ማመንጫዎች የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በ12 ዲግሪ ይረጋል፤ የፀሐይንም ጨረር በማስቀረት ከውሃ ያነሰ ነው። ስለዚህ ንጹሕ ፈሳሽ ብቻውን ሰሌዳውን ቢጠብቅም፥ በቂ ሙቀት አይሰበስብም።

የጎደለውን ለመሙላት በፈሳሹ ላይ ሌላ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። በ1980ዎቹ ቼንዶ፥ ጄኮብሰንና ኦዝቦርን የመሳሰሉት ሊቃውንት ለጥምር መሣሪያ የሚሆኑ የፈሳሽ ማጣሪያዎችን መርምረዋል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ የሚገባው ነገር አለ። ኮፐር ሰልፌት የተባለው የመዳብ ጨው በውሃ ሲሟሟ ያማረ ሰማያዊ ይሆናል፤ ሙቀትንም በማገድ የታወቀ ነው። ነገር ግን አብልጦ የሚያስቀረው በ800 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለውን፥ ሲሊኮን ከሁሉ አብልጦ የሚጠቀምበትን ጨረር ነው። ስለዚህ ለፋኖስ የረዳው ፈሳሽ ለሲሊኮን ሌባ ይሆንበታል።

ሌላው መንገድ እጅግ የደቀቀ የብረት ቅንጣት በፈሳሹ ውስጥ መበተን ነው። ማይክል ፋራዴይ በ1857 ወርቅን አድቅቆ በውሃ ውስጥ ሲበትነው ፈሳሹ እንደ ቀይ ዕንቍ እንደሚሆን አሳየ፤ የቅንጣቱ ትንሽነት የብርሃኑን ጠባይ እንደሚለውጥም አስረዳ። በ1995 በአሜሪካ በአርጎን የምርምር ቤት የነበረው ስቲቨን ቾይ ይህን የመሰለውን ውሕድ ናኖ ፍሉይድ ብሎ ሰየመው። የደቀቀ ብር በውሃ ውስጥ በ400፥ የደቀቀ ወርቅ በ520 ናኖ ሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን አብልጦ ያስቀራል፤ የቅንጣቱ ቅርጽና ሽፋን ሲለወጥም ይህ ስፍራ ይለወጣል። ቴይለር፥ ኦታኒካርና ሮዘንጋርተን በ2012 ባሳተሙት ጥናት እንዲህ ያለው ፈሳሽ ለጥምር መሣሪያ ማጣሪያ እንዲሆን እንዴት እንደሚቀመም አሳይተዋል። በዚህ መንገድ ብሩ ሰማያዊውን ወገን፥ ውሃው ረጅሙን ታሕተ ቀይ ሲያስቀር፥ በመካከል ያለው ለሲሊኮን ይተርፋል።

ቅንጣቱ ግን በልክ መድቀቅ አለበት። ብርሃንን መዋጥና ብርሃንን መበተን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጥቁር ቡና ብርሃኑን ይውጠዋል፤ ወተት ግን በውስጡ ያሉት የስብ ቅንጣቶች ብርሃኑን በየአቅጣጫው ስለሚበትኑት ነጭ ሆኖ ይታያል። በፈሳሹ ውስጥ ያለው ቅንጣት ከሞገዱ ርዝመት ጋር ሲመጣጠን እንደ ወተቱ ይበትናል፤ የተበተነውም ብርሃን ከፊሉ ወደ ሰማይ ተመልሶ ለሙቀቱም ለኤሌክትሪኩም ሳይሆን ይጠፋል።

ስለ ስብረትም ጥቂት እንናገር። ብርሃን ከአየር ወደ መስተዋት ሲገባ በእያንዳንዱ ገጽ 4 በመቶ ያህሉ በነጸብራቅ ይመለሳል። የውሃ የስብረት መጠን 1.33፥ የመስተዋት 1.5 ስለ ሆነ ግን፥ በሁለቱ መካከል የሚመለሰው ከግማሽ በመቶ ያነሰ ነው። ስለዚህ በሁለቱ መስተዋቶች መካከል ያለውን ባዶ ስፍራ ፈሳሽ ሲሞላው ከአየር ይልቅ ብርሃኑን ያድናል። የመሣሪያው ንጣፍ በበዛ ቍጥር ይህ ትንሽ የሚመስል ሒሳብ ትልቅ ይሆናል።

እስከዚህ የተናገርነው ፈሳሹ አዲስ ሳለ ስላለው ጠባይ ነው። ፈሳሽ ግን ያረጃል። ግላይኮል ለብዙ ጊዜ በሙቀትና በአየር ሲጎዳ ይኮመጥጣል፤ ቀለሙም ይጠቁራል። የብር ቅንጣት ይሟሟል፥ ወይም እርስ በርሱ ተጣብቆ ይዘቅጣል፤ ይህን ለመከላከል ሊቃውንት ቅንጣቱን ስስ በሆነ የሲሊካ ሽፋን ይለብጡታል። ከፊት የሚቆም ፈሳሽ ሲያረጅ ጉዳቱ ድርብ ነው፤ ሙቀቱን መሸከሙ ሲደክም፥ ማሳለፍ የሚገባውንም ብርሃን ያግዳል። ከዚህም የተነሣ ከጀርባ ፈሳሽ የሚያዞረው ጥምር መሣሪያ በገበያ ሲሸጥ፥ ከፊት የሚያጣራው እስካሁን በአብዛኛው በምርምር ቤት የሚገኝ ነው።

በአገራችን ደጋ ደግሞ ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ። ከፍታው ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ልዕለ ሐምራዊው ጨረር በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይበረታል፤ ፈሳሽን ከሚያስረጁት ነገሮችም አንዱ ይኸው ጨረር ነው። ሁለተኛም በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ በቆላና በባሕር ዳርቻ አገር ተፈትኖ የተመሰከረለት ፈሳሽ፥ ምስክርነቱ በደጋ እንዳለ የሚጸና ሊመስለን አይገባም።

እንግዲህ እንደዚህ ያለውን መሣሪያ ለሆስፒታል፥ ለትምህርት ቤት ወይም ለወተት ፋብሪካ ለመግዛት ሥልጣንና ኀላፊነት የተሰጣቸው ሰዎች ሊጠይቁ የሚገባቸው ነገር አለ። አንደኛ፥ ፈሳሹ ከ300 እስከ 2500 ናኖ ሜትር ድረስ ያለውን ብርሃን እንዴት እንደሚያሳልፍና እንደሚያስቀር የተለካበት ሰንጠረዥ ይቅረብ፤ ጥሩ ነው የሚል ቃል ብቻ አይበቃም። ሁለተኛ፥ ይኸው መለኪያ ፈሳሹ በፀሐይና በሙቀት ከቆየ በኋላ ተደግሞ የተወሰደ ይሁን። ሦስተኛ፥ የሚፈለገው ሙቀት ስንት ዲግሪ እንደ ሆነ አስቀድሞ ይወሰን፤ ለብ ያለ ውሃ ለሚበቃው ቤት ከጀርባ የሚዞረው ቀላሉ መሣሪያ ይሻለዋልና። አራተኛ፥ ኤሌክትሪክን ወደ ሙቀት መለወጥ ቀላል ሲሆን ሙቀትን ወደ ኤሌክትሪክ መመለስ ግን ብዙ ኪሳራ ያለበት ስለ ሆነ፥ ሙቀት ለማብዛት ሲባል ሰሌዳው በሚገባ የሚጠቀምበት ብርሃን አይወሰድበት።

ፀሐይ ስጦታዋን ያለ ዋጋ ትሰጣለች፤ ተቀብሎ በየድርሻው ማካፈል ግን የሰው ሥራ ነው። በመስተዋት መካከል የሚፈሰው ያ ስስ ፈሳሽ ለሙቀቱ የሙቀቱን፥ ለሴሉ የሴሉን ቢሰጥ አንዱ መሣሪያ የሁለቱን ሥራ ይሠራል፤ ሳይለካ ከተመረጠ ግን ሁለቱንም ያጎድላል። የመሣሪያውን ብረትና መስተዋት የሚመረምር ሁሉ በመካከሉ ያለውንም ፈሳሽ በብርሃን ይመርምር።